ደመወዝ በሰዓት፣ ኑሮ በወር

የመስቀል ሰሞን ስልኬ ፋታ አይሰጠኝም። የዋሽንግተን ስቴት የሠራተኛና ኢንዱስትሪ መሥሪያ ቤት፣ ሁላችንም ኤል ኤንድ አይ የምንለው፣ የሚቀጥለውን ዓመት ዝቅተኛ የሰዓት ክፍያ እስከ ሴፕቴምበር 30 ድረስ ይፋ ማድረግ አለበት። እናም የደመራው አመድ ሳይነሳ «ለሚመጣው ዓመት ስንት ገባ?» የሚለው ጥያቄ ይጀምራል። ከሚደውሉት ግማሹ ሬስቶራንት ወይም ግሮሰሪ ያላቸው ናቸው፤ ግማሹ ደግሞ እነሱ ጋ ተቀጥረው የሚሠሩ። እኔ የሁለቱንም ወገን ሒሳብ ነው የምይዘው። በየሁለት ሳምንቱ የባለቤቶቹን ፔይሮል (የሠራተኞቻቸውን የደመወዝ ሒሳብ) አወጣለሁ፣ የታክስ ወቅት ሲደርስ ደግሞ የሠራተኞቹን ታክስ እሞላለሁ። ያው አንድ ዶላር ከአንዱ ኪስ ሲወጣም አየዋለሁ፣ ሌላው ኪስ ሲገባም (ወይም መንገድ ላይ ሲቀር) አየዋለሁ። ስለ ሚኒመም ዌጅ፣ ማለትም ስለ ዝቅተኛው የሰዓት ክፍያ፣ የሚባለውን ስሰማ ብዙ ጊዜ ተናጋሪው አንደኛውን ኪስ ብቻ ያየ ይመስለኛል።

ሲያትል አካባቢ «ሚኒመሙ ስንት ነው?» ለሚለው አንድ መልስ የለም። የፌዴራሉ ከጁላይ 2009 ጀምሮ 7 ዶላር ከ25 ሳንቲም ላይ ተቸንክሮ ቀርቷል። የዋሽንግተን ስቴት በ2025 16.66 ዶላር ነበር፣ በ2026 17.13 ገብቷል። ሲያትል ከተማ 20.76 የነበረው 21.30 ሆኗል። ወደ ደቡብ ሲወርዱ ተክዊላ፣ ሲታክ፣ ሬንተን፣ በሪየን የየራሳቸው ተመን አላቸው። ስለዚህ ንግድ ቤት ለመክፈት አስቦ ለሚደውልልኝ ሰው መጀመሪያ የምጠይቀው ሱቁ ከመንገዱ በየትኛው በኩል እንደሆነ ነው። ቀልድ ይመስላል እንጂ የከተማ ወሰን በመንገድ መሃል የሚያልፍበት ቦታ ብዙ ነው።

የስቴቱ ታሪክ ራሱ ደስ ይላል። በ1998 የዋሽንግተን መራጮች በቀጥታ ድምፅ ሰጥተው ዝቅተኛው ክፍያ ከ2001 ጀምሮ በየዓመቱ ከኑሮ ውድነቱ ጋር አብሮ እንዲወጣ አደረጉ። በአሜሪካ እንዲህ ያደረገ የመጀመሪያው ስቴት ነው። በ2016 ደግሞ እንደገና በድምፅ፣ 9.47 የነበረው በ2017 11 ዶላር ገብቶ በ2020 13.50 እንዲደርስ ወሰኑ፤ የሕመም ፈቃድም በክፍያ እንዲሆን ጨመሩበት። ሌላው ቦታ ምክር ቤት ሲጨቃጨቅ ዓመታት ያልፋሉ። እዚህ ጭማሪው በሰዓቱ ይመጣል፣ ሰውም ቀድሞ ያውቀዋል። ለኔ ሥራ ይህ ትልቅ ነገር ነው። ባለቤት የሚጎዳው ከጭማሪው ይልቅ ድንገት ሲመጣበት ነው።

የእኛን ሰው በቅርብ የሚነካው ግን የሲታክ ታሪክ ነው። የሲያትል አውሮፕላን ማረፊያ ያለው እዚያ ከተማ ውስጥ ነው። ማረፊያው ውስጥ፣ ፓርኪንጉ ላይ፣ ዙሪያውን ባሉት ሆቴሎች፣ ዊልቸር የሚገፋው፣ ሻንጣ የሚጭነው፣ አልጋ የሚያነጥፈው ብዙው ኢትዮጵያዊ፣ ሶማሊያዊ፣ ኤርትራዊ ነው። በ2005 አላስካ አየር መንገድ ወደ 500 የሚጠጉ ሻንጣ ጫኞቹን አሰናብቶ ሥራውን ለኮንትራክተር ሰጠ። ያው ሻንጣ፣ ያው አውሮፕላን፣ ክፍያው ግን ወረደ። በኖቬምበር 2013 ትንሿ የሲታክ ከተማ 15 ዶላር ይሁን ወይስ አይሁን ብላ ሕዝቧን ስትጠይቅ፣ ድምፁ እንደገና ተቆጥሮ በ77 ድምፅ ብልጫ አለፈ። ሰባ ሰባት! አንድ የዕድር ስብሰባ ከዚያ በላይ ሰው ይይዛል።

ጭማሪው በጃንዋሪ 2014 ሆቴሎቹና ትልልቅ ፓርኪንጎቹ ላይ ጀመረ። ማረፊያው ውስጥ ግን ፍርድ ቤት አገደው፤ ማረፊያው የሲያትል ወደብ አስተዳደር ንብረት ስለሆነ የከተማዋ ሕግ አይገዛውም ተባለ። የስቴቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ኦገስት 2015 ላይ 5 ለ 4 በሆነ ድምፅ እስኪሽረው ድረስ፣ ከማረፊያው ውጪ መኪና የሚያቆመው ሰው 15 ዶላር ሲያገኝ፣ ውስጥ ዊልቸር የሚገፋው ጓደኛው ከዚያ በታች ያገኝ ነበር። ሁለቱ የሚኖሩት አንድ አፓርታማ ውስጥ ሊሆን ይችላል።

ከዚያስ? ማረፊያው አልተዘጋም። ሊዘጋም አይችልም፤ አውሮፕላን ማኮብኮቢያውን ጠቅልሎ ወደ ርካሽ ከተማ አይሄድም። እንዲህ ዓይነት ቦታ ላይ ጭማሪ የሚሠራበትን መንገድ ከሁሉ በላይ ያስረዳኝ የሳን ፍራንሲስኮ አውሮፕላን ማረፊያ ጉዳይ ነው። በ2000 ገደማ እዚያ የጸጥታ ፈታሾች ክፍያ ከ6 ዶላር ተኩል ገደማ ወደ 10 ዶላር ሲወጣ፣ በዓመት ውስጥ ሥራ ጥሎ የሚሄደው ሰው ከ95 በመቶ ወደ 19 በመቶ ወረደ። አስቡት፣ ቀድሞ በዓመት ሙሉው ሠራተኛ ሊቀየር ጥቂት ነበር የሚቀረው። አዲስ ሰው መቅጠር፣ ማሠልጠን፣ የፖሊስ ማጣሪያ ማሳለፍ፣ ባጅ ማውጣት ሁሉም ገንዘብ ነው። አሠሪው በአንድ እጁ የጨመረውን በሌላው እጁ ከፊሉን አገኘው።

የኢኮኖሚ ምሁራኑም የተከራከሩት በዚሁ ነው። ድሮ የነበረው ትምህርት አጭር ነበር፤ ዋጋ ሲወጣ ገዢ ይቀንሳል፣ የሰው ጉልበትም ዕቃ ነው። ኒው ጀርሲ በኤፕሪል 1992 ከ4.25 ወደ 5.05 ዶላር ስታወጣ፣ ዴቪድ ካርድና አለን ክሩገር በኒው ጀርሲና ባልጨመረችው በጎረቤት ፔንሲልቬንያ 410 የፈጣን ምግብ ቤቶችን አነጻጸሩ፤ ሥራ ቀነሰ የሚል ምልክት አላገኙም። ሌሎች ምሁራን በደመወዝ መዝገብ ተመሥርተው ተቃወሟቸው፤ ክርክሩ ሠላሳ ዓመት አለፈው። ካርድ በ2021 የኖቤል ሽልማት አገኘ፤ ክሩገር በ2019 ስላረፈ አልደረሰበትም። በ2019 የወጣ ሌላ ጥናት ደግሞ ከ1979 እስከ 2016 የተደረጉ 138 የስቴት ጭማሪዎችን አይቶ፣ በአምስት ዓመት ውስጥ የዝቅተኛ ክፍያ ሥራዎች ቁጥር አልተነካም አለ። ምክንያቱ ከባድ አይደለም። መኪና የሌለው፣ እንግሊዝኛው ያልጠነከረ፣ ቤቱ ከሥራው አጠገብ የሆነ ሠራተኛ አሠሪ ማማረጥ አይችልም፤ አሠሪውም ያውቃል፤ ስለዚህ ከሚገባው በታች ይከፍለዋል። ሕግ ወለሉን ከፍ ሲያደርግ ያ ክፍተት ነው የሚሞላው።

ከስቴታችን ምሥራቅ ጫፍ ያለውም ይህንኑ ይመስላል። በ2007 መጀመሪያ ዋሽንግተን 7.93 ስትከፍል አይዳሆ 5.15 ላይ ነበረች። ንግዱ ሁሉ ድንበር ይሻገራል ተብሎ ተፈርቶ ነበር፤ የተሻገሩት ግን በዋሽንግተን በኩል ሊሠሩ የመጡ የአይዳሆ ልጆች ናቸው። ዛሬ አይዳሆ 7.25 ላይ ናት፣ ልዩነቱ ወደ 10 ዶላር ተጠግቷል። ብዙዎቻችን እንጀራ የምንጋግርበት ጤፍ የሚበቅለው እዚያው አይዳሆ ነው። እንጀራውን አዙሮ የሚያወጣው ሰው ሲያትል ውስጥ 21.30 ይከፈለዋል።

እስካሁን ያልኩት ሁሉ ግን የትልልቆቹ ታሪክ ነው። የኔ ደንበኞች አውሮፕላን ማረፊያ የላቸውም።

ደቡብ ሲያትል አንድ ምግብ ቤት አለ፤ ባለቤቱን ጋሼ ነው የምላቸው። እስከ 2024 መጨረሻ ድረስ የሲያትል ሕግ ከ500 የማይበልጥ ሠራተኛ ላላቸው አንድ መተንፈሻ ሰጥቷቸው ነበር፤ ሠራተኛው በሰዓት ቢያንስ 2.72 ዶላር ቲፕ ወይም የጤና መድን ካገኘ፣ አሠሪው ከ19.97 ይልቅ 17.25 መክፈል ይችል ነበር። ጃንዋሪ 1 ቀን 2025 መተንፈሻው ተዘጋ። በዓሉ እንዳለፈ ከምሳ ሰዓት በኋላ ሄድኩ፤ ቡና ቀርቦ ላፕቶፔን ከፈትኩ።

«እስቲ ቀስ ብለህ ንገረኝ ልጄ፣ ከ17 ከ25 ወደ 20 ከ76?»

«አዎ ጋሼ። ቲፑ ከእንግዲህ አይቆጠርም።»

«ባንዴ?»

«ባንዴ። በሰዓት ሦስት ዶላር ከ51።»

አምስት ሰው አላቸው፣ በሳምንት በድምሩ 200 ሰዓት። 702 ዶላር። አሠሪው የሚከፍለው 7.65 በመቶ የሶሻል ሴኩሪቲና የሜዲኬር ታክስ ሲጨመር 756 አካባቢ፤ በዓመት ከ39 ሺህ በላይ። (አንድ መልካም ነገር፦ ዋሽንግተን ውስጥ የሥራ ላይ አደጋ መድን የሚሰላው በደመወዝ ሳይሆን በተሠራው ሰዓት ስለሆነ እሱ አብሮ አልጨመረም።) በሳምንት 400 ሳህን ቢሸጡ በየሳህኑ 1.89 ይደርሳል። ነገሩን ሳሳያቸው ጋሼ ወረቀቱን ዞር አድርገው አዩና፣ «በያይነቱን 20 ዶላር ካልኩት እኮ ሰው ሽሮውን ቤቱ ይሠራል» አሉኝ።

እውነታቸውን ነው። ማክዶናልድ ሲጨምር ጎረቤቱም ይጨምራል፣ ደንበኛ አይሸሽም። የሀበሻ ምግብ ቤት ተወዳዳሪው ግን ሌላ ምግብ ቤት ብቻ አይደለም፤ የደንበኛው እናት፣ እህት፣ ሚስት ናት። እሷን ደግሞ ሚኒመም ዌጅ አይነካትም። የጋሼ ሚስትም እንደዚያው ናቸው። ጠዋት ገብተው ወጡን ይሠራሉ፣ ከፔይሮሉ ላይ ስማቸው የለም። ሠራተኛ ሲወደድ መጀመሪያ የሚረዝመው የማይከፈለው የቤተሰብ ሰዓት ነው። ይህንን የሚቆጥር ጥናት አላጋጠመኝም።

ጋሼ ማንንም አላባረሩም። በምግቡ ላይ አንድ አንድ ዶላር ጨመሩ። ሰኞ ሰኞ መዝጋት ጀመሩ። ዕቃ አጣቢው ልጅ በራሱ ጊዜ ሲለቅ በእሱ ቦታ ሰው አልቀጠሩም። አስተናጋጇን ደግሞ ከ32 ሰዓት ወደ 27 አወረዷት። ቼኳን እኔ ነኝ ያወጣሁት፤ 552 ዶላር የነበረው 560 ዶላር ከ52 ሳንቲም ሆነ። በሕግ ሃያ በመቶ የተጨመረላት ሴት፣ ቼኳ ላይ ያገኘችው 8 ዶላር ከ52 ነው፤ የአምስት ሰዓቱን ቲፕ ደግሞ አጥታለች። በእርግጥ አምስት ሰዓት ተረፋት። ዶርዳሽ (በአፕ የታዘዘ ምግብ ማድረስ) ልሞክርበት አለች። እዚያም ያው ታሪክ ነው የጠበቃት። ሲያትል ከጃንዋሪ 2024 ጀምሮ ለአፕ አድራሾች ዝቅተኛ ክፍያ ስትደነግግ ኩባንያዎቹ በየትዕዛዙ 5 ዶላር ገደማ ጨመሩ፣ ትዕዛዙ ቀነሰ፣ አድራሹ መኪናው ውስጥ ቁጭ ብሎ ስልኩን የሚያይበት ጊዜ ረዘመ። ለአንድ ትዕዛዝ የሚከፈለው ጥሩ ነው። ትዕዛዙ ነው የማይመጣው።

ሲያትል በ2014 ሕጉን አውጥታ ከኤፕሪል 2015 ጀምሮ በደረጃ ስትጨምር፣ የዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በ2017 ያወጡት ውጤት አገር ያወዛገበ ነበር። በዝቅተኛ ክፍያ ሥራዎች ላይ የሰዓት ክፍያው 3 በመቶ ገደማ ወጣ፣ የተሠራው ሰዓት ግን 9 በመቶ ገደማ ወረደ፤ በአማካይ አንድ ሠራተኛ በወር 125 ዶላር አጣ አሉ። በዚያው ሰሞን የካሊፎርኒያው በርክሌይ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች የሲያትልን ምግብ ቤቶች አይተው ሥራ አልቀነሰም አሉ። ሰው ሁሉ የሚስማማውን መርጦ ያዘ። የዩኒቨርሲቲው ጥናት ብዙ ቅርንጫፍ ያላቸውን ድርጅቶች፣ ማለትም ወደ 40 በመቶ የሚሆነውን ሠራተኛ፣ አላካተተም፤ ስለዚህ ተተቸ፣ ትችቱም ልክ ነው። እኔ ግን ሳነበው የታየኝ ሌላ ነገር ነው። የተካተቱት እነማን ናቸው? አንድ ቤት ብቻ ያላቸው። ጋሼ። የበርክሌዩ ጥናት የሚያየው ደግሞ ሥራው መኖሩን እንጂ ሥራው ስንት ሰዓት እንደሆነ አይደለም። አስተናጋጇ በዚያ ቆጠራ ሥራ ያላት ሰው ናት፤ በ32ም በ27ም ሰዓት ያው አንድ ሰው። ሁለቱ ጥናቶች እኔ ጠረጴዛ ላይ ሲመጡ አይጣሉም።

ከዚህ በላይ የሚያናድደኝ ግን ሌላ ነው፤ እሱ ደግሞ የሚታየው ታክስ ሲሞላ ብቻ ነው። ሁለት ልጅ ብቻዋን የምታሳድግ እናት ከሲያትል በስተ ሰሜን ባለችው ሊንውድ ውስጥ በስቴቱ ተመን ሙሉ ጊዜ ትሠራለች እንበል፤ በ2025 ሒሳብ በዓመት 34,653 ዶላር። ያው ዓይነት ሥራ ሲያትል አገኘችና 20.76 ሆነላት፤ 43,181 ዶላር። በሰዓት 4 ዶላር ከ10 ጨመረች ማለት ነው። ከዚያ ላይ 31 ሳንቲሙ የሶሻል ሴኩሪቲና ሜዲኬር ነው። 86 ሳንቲሙ ለዝቅተኛ ገቢ ቤተሰብ ከሚመለሰው ታክስ ላይ ይቀነሳል። ፉድ ስታምፕ (የመንግሥት የምግብ ድጎማ) የምትቀበል ከሆነ ቢያንስ 98 ሳንቲም እዚያ ይቆረጣል። ከ4.10 ውስጥ 2 ዶላር ከ15 ሄደ፤ የባስ መሳፈሪያውንና ሌላውን ገና አላነሳሁም። ጉዱ ደግሞ አፕል ሄልዝ፣ ማለትም ስቴቱ ለዝቅተኛ ገቢ ሰው የሚሰጠው የጤና መድን፣ ላይ ነው። ለሦስት ሰው ቤተሰብ የእናትየዋ የገቢ ጣሪያ በ2025 36,777 ዶላር ገደማ ነበር። ሊንውድ ሆና ከጣሪያው በታች ናት፤ ሲያትል ስትገባ አልፋዋለች። የልጆቹ መድን ይቀጥላል፣ የእሷ ግን ይቆማል፣ ሌላ መድን በወርኃዊ ክፍያ መግዛት አለባት።

ስለዚህ «እባክህ ለማኔጀሬ ሰዓቴን ቀንስልኝ ልበለው?» ብላ የምትጠይቀኝ ሴት ሰነፍ አይደለችም። ሒሳቡን ከኔ በፊት ሠርታ ጨርሳለች። ከጋሼ ሳጥን የወጣው ዶላር ከግማሽ በላዩ ሠራተኛዋ ጋ ሳይደርስ ወደ መንግሥት ካዝና ይመለሳል። ጋሼ «እኔ ስንት ጨመርኩላት!» ይላሉ፣ እሷ «ምን ተጨመረልኝ!» ትላለች፣ ሁለቱም አልዋሹም። መንግሥት ደግሞ ምንም ሳያወጣ የድሃ አሳቢ ይባላል።

በዚህ ሁሉ ታዲያ ጭማሪውን እቃወማለሁ? አልቃወምም። ማረፊያው ውስጥ ሌሊት የሚሠሩ፣ ሰዓታቸው ያልተነካ፣ ከ15 ዶላሩ በኋላ ሁለተኛውን ሥራ ትተው ልጆቻቸውን ማታ ማየት የጀመሩ ደንበኞች አሉኝ። 7.25 ላይ ቢቀር ኖሮ ይህ አይሆንም ነበር። ግን ስለ ወለሉ ቁመት ብቻ እየተከራከሩ ሰዓቱን ለአሠሪው መተው ግማሽ ሥራ ነው። ሲያትል ከጁላይ 2017 ጀምሮ ሠራተኛው ስኬጁሉን ከ14 ቀን በፊት እንዲያውቅ፣ ተጨማሪ የሥራ ሰዓት ሲኖርም አዲስ ሰው ከመቀጠሩ በፊት ለነባሮቹ እንዲቀርብ የሚያስገድድ ሕግ አላት። የሚመለከተው ግን በችርቻሮና በምግብ ሥራ ላይ ያሉትን፣ 500 ሠራተኛና ከዚያ በላይ ያላቸውን ትልልቆች ብቻ ነው። በክፍያው ትንሹም ትልቁም በ2025 እኩል ሆኑ፤ በሰዓቱ አልሆኑም። የመድንና የፉድ ስታምፕ ጣሪያ ደግሞ ከከተማ ክፍያ ጋር ጨርሶ አይነጋገርም፤ ሚሲሲፒም ሲያትልም የድህነት መለኪያው አንድ ነው። የሁለቱን የቤት ኪራይ ያየ ሰው ይህን ሊያጸድቅ አይችልም።

ከሁሉ ይልቅ የሚያሳስበኝ ያልተቀጠረው ዕቃ አጣቢ ነው። ዩኒቨርሲቲው በ2018 ባወጣው ተከታይ ጥናት፣ ልምድ ያላቸው ሠራተኞች በሳምንት 10 ዶላር ገደማ ሲጠቀሙ ጀማሪዎቹ ብዙም አልተጠቀሙም፣ አዲስ የሚገባውም ሰው አነሰ ይላል። በእኛ ማኅበረሰብ ይህ ሰው ማን እንደሆነ አውቃለሁ። በዲቪ ወይም በቤተሰብ የመጣ፣ ሶሻል ሴኩሪቲ ካርዱ ገና ያልደረሰው፣ እንግሊዝኛው «የስ» እና «ኖ» የሆነ ልጅ ነው። ዱሮ የመጀመሪያ በሩ የሀበሻ ምግብ ቤት ኩሽና ነበር። ባለቤቱ አይቶት፣ «ግባ፣ ዕቃ እጠብ፣ ቀስ እያልክ ትለምዳለህ» ይለዋል። በ9 ዶላር ሊታገሡት ይችሉ ነበር። በ21.30 ዕቃ የሚያጥብ፣ ስልክ የሚያነሳ፣ ካሸር ላይ የሚቆም፣ ሰው ሲበዛ የሚያስተናግድ አንድ ሰው ይፈልጋሉ። ይህ ሰው ደግሞ አገሩን የለመደ ነው።

ጋሼ አሁን የወንድማቸው ልጅ ይመጣል ብለው እየጠበቁ ነው፣ ቪዛው ወጥቷል። «እሱንስ እቀጥረዋለሁ፣ የራሴ ልጅ ነው» አሉኝ። የስንት ሰዓት ሥራ እንደሚሰጡት ስጠይቃቸው ቅዳሜና እሑድ ማታ፣ በድምሩ 12 ሰዓት አሉ። በሳምንት 255 ዶላር ከ60 ነው፣ ታክሱ ሳይነሳ። የቀረውን ሳምንት አንድ የማረፊያው የምግብ አቅራቢ ድርጅት ቢሞክር ይሻለዋል አልኳቸው፤ ባጁ እስኪወጣ የሚፈጀውን ጊዜ ቤታቸው ይቆያል፣ በመኪና ግን ማን እንደሚያደርሰው ገና አልተስማማንም።